«ግፊቱ ስንት ሆነ?»

እኔ ቁጥር የሚያጽናናኝ ሰው ነኝ። የልብ ሐኪም እንዲህ ሲል መስማት አንዳንዱን ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሕክምና ስማር ከሁሉ በፊት የማረከኝ፣ በዐይን የማይታየው የውስጥ አካላችን በሚሊ ሜትርና በሰከንድ መለካት መቻሉ ነበር። ቁጥር አያባብልም፣ አያለቅስም፣ መልሶም አይጠይቅም። ከታካሚ ጋር ያለው ወሬ ሲከብደኝ ወረቀቱን ገልጬ «ግፊቱ 60 ነው» ካልኩ የሚነገረው የተነገረ ይመስለኛል። ሰውን ዐይን ዐይኑን እያዩ «ልብህ እየደከመ ነው» ከማለት ይህ በብዙ ይቀላል።

ይህን ጠባዬን የሞረደው የሳንባ ደም ቧንቧ ግፊት የሚባለው ሕመም ነው። በአንድ ቀን የሆነ አይደለም፤ ከብዙ ታካሚ፣ ከብዙ ምስልና ከአንዲት ሴት ጥያቄ የተጠራቀመ ትምህርት ነው። ሐኪም ላልሆነ አንባቢም ስለሚጠቅም ከሥሩ ልጀምር።

«ደም ግፊት» ሲባል ሁላችንም ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ይታወሰናል። ያ መለኪያ የሚናገረው ግራው ልብ ደምን ወደ መላ ሰውነት ስለሚገፋበት ኃይል ነው። ቀኙ ልብ ሌላ ሥራ አለው፤ ሰውነት ዞሮ የመጣውን፣ ኦክስጅኑ የቀነሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። የሳንባ ቧንቧዎች ሰፊና ልል ስለሆኑ በጤነኛ ሰው ላይ በዚያ በኩል ያለው ከፍተኛው ግፊት ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንኳ አይሞላም፤ ክንድ ላይ ያለው ግን 120 ገደማ ነው። ለዚህም ነው የግራው ልብ ግድግዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወፍር የቀኙ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው። ቀጫጭኖቹ የሳንባ ቧንቧዎች ሲጠብቡ፣ የረጋ ደም ሲዘጋቸው፣ ሳንባው ራሱ ሲታመም ወይም የግራው ልብ ቫልቭ ጠብቦ ደም ወደ ኋላ ሲከማች፣ ይህ ስስ ጡንቻ ያልተፈጠረበትን ኃይል እንዲያወጣ ይገደዳል። ታካሚው የሚያውቀው ግን ይህን አይደለም። እሱ የሚያውቀው ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣት ዳገት ዛሬ እንደምታስቆመው፣ ማታ ማታ ጫማው እንደሚጠብበውና አንዳንዴም ሲቸኩል ዐይኑ ላይ ጭልም እንደሚልበት ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው ኢኮ በሚባለው የልብ የድምፅ ሞገድ ምርመራ ነው፤ እንዲህ ይሠራል። ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ግራ እጁን ከራሱ ሥር ያደርጋል። ጄሉ ሲነካው «ውይ፣ ይቀዘቅዛል!» የማይል ጥቂት ነው። ፕሮብ የሚባለውን መመርመሪያ ከግራ ጡት በታች፣ የልብ ምት በጣት በሚዳሰስበት ቦታ አሳርፌ «ትንፋሽዎን ያውጡ፣ እዚያው ይያዙት» እላለሁ። አራቱ የልብ ክፍሎች ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ። ቀኙ ልብ ሲጨማደድ ትራይከስፒድ በሚባለው ቫልቭ በኩል ጥቂት ደም ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ይህ በብዙ ጤነኛ ሰዎችም ላይ በትንሹ አለ። ዶፕለሩ የዚያን የሚያመልጥ ደም ፍጥነት ይለካል። ፍጥነቱን በራሱ ማባዛት፣ የመጣውን እንደገና በ4 ማባዛት ነው። በሰከንድ 4 ሜትር ከሆነ አራት ጊዜ አራት 16፤ በ4 ሲባዛ 64። በዚያ ላይ ከሆድ ወደ ልብ የሚገባውን ትልቁን የደም ሥር ስፋትና በትንፋሽ መሰብሰብ አለመሰብሰቡን አይቶ ከ3 እስከ 15 መጨመር ነው። ያለ መርፌ፣ ያለ ቢላ፣ ከሳንባ ደም ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ተገመተ ማለት ነው።

ይህ ስሌት የቀለለው ለእኛ ነው። ቨርነር ፎርስማን የተባለው ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በ1929 እ.ኤ.አ. ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ የደም ሥር አስገብቶ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ፣ ጫፉ ቀኝ ልቡ ውስጥ መድረሱን በፎቶ አሳየ። ያኔ ብዙም አልተመሰገነም፤ ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1956 ነው። በ1953 ደግሞ በስዊድኗ ሉንድ ከተማ ኢንጌ ኤድለር የተባሉት ሐኪምና ሄልሙት ኸርትዝ የተባሉት የፊዚክስ ሰው፣ የብረት ስንጥቅ ለመፈተሽ ከሚያገለግል የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ተነሥተው የሚንቀሳቀስ ልብ በኢኮ አዩ። በ1984 ፖል ዮክና ሪቻርድ ፖፕ ከላይ ባልኩት የትራይከስፒድ ፍጥነት የሚሰላው ግፊት በካቴተር ከሚለካው ጋር በደንብ እንደሚቀራረብ አሳተሙ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ገነነ። የኢኮ ወረቀት መጨረሻ ላይ ያለችው ያቺ መስመር ሐኪሙም፣ ታካሚውም፣ ከውጭ አገር የሚደውለው ዘመድም መጀመሪያ የሚጠይቋት ሆነች፦ «ግፊቱ ስንት ሆነ?»

እኔም እንደ ሌላው ቁጥሯን እወድ ነበር። ሁለት ታካሚዎች ግን ጎን ለጎን ሆነው በሐሳቤ ሲያከራክሩኝ ኖሩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ልንገራችሁ።

አንዷ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ከተወለደች ጀምሮ በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ነበራት፤ በልጅነቷ የሚዘጋላት አላገኘችም። ትርፍ ደም ለዓመታት ወደ ሳንባዋ ሲጎርፍ የሳንባዋ ቧንቧዎች ወፍረው ጠበቡ፤ በመጨረሻም ደሙ አቅጣጫውን ለውጦ ከቀኝ ወደ ግራ መሻገር ጀመረ። ከንፈሯና ጥፍሮቿ ሰማያዊ ይላሉ። ይህን ዓይነቱን ሕመም ቪክቶር አይዘንሜንገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም በ1897 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ታካሚ በጻፈው የተነሣ እስከ ዛሬ በስሙ እንጠራዋለን። የሳንባዋ ግፊት ከ100 በላይ ነው፤ ክንዷ ላይ ከሚለካው አይተናነስም። እሷ ግን «ዳገት ላይ ቆም እያልኩ ነው እንጂ ቤቴን እይዛለሁ፣ ገበያም እወርዳለሁ» ትላለች።

ሌላው በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለ፣ ከዚያ በፊት ሐኪም ቤት እምብዛም የማያውቅ ሰው ነው። ቀዳዳ የለው፣ የረጋ ደም የለው፣ ቫልቩ ደህና፤ የሳንባው ቧንቧዎች በውል ባልታወቀ ምክንያት ጠበቡ። መጀመሪያ ሳየው ግፊቱ 85 ነበር። ከሴትዮዋ ያንሳል። እሱ ግን ፊቱን ታጥቦ ሸሚዙን ሲቆልፍ ያለከልክ ነበር።

ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው የባሰባት እሷ ናት። ምስሉ የሚለው ሌላ ነው። የሷ ቀኝ ልብ ግድግዳው ወፍራም፣ አጨማደዱ ብርቱ ነው። በማኅፀን ሳለን ሁላችንም ቀኙ ልባችን እንደ ግራው ያህል ወፍራም ነው፤ ተወልደን ሳንባችን ሲከፈት ግፊቱ ይወርድና ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል። የሷ ግን አልሳሳም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከግፊቱ ጋር አብሮ አደገ። ቀዳዳውም ቢሆን ሲጨንቀው የሚተነፍስበት ነው፤ ከንፈሯን የሚያጠቁረው ያው መንገድ ልቧን ያሳርፈዋል። የሰውዬው ቀኝ ልብ አርባ ዓመት በዝቅተኛ ግፊት ለምዶ ኖሮ ድንገት ከባድ ነገር መጣበት። መጀመሪያ ወፈረ፤ መወፈሩ አላዋጣ ሲለው ሰፋ።

ሰውዬው መድኃኒት ተጀመረለት፤ ሲልዴናፊል የሚባለው። በ2005 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕመም በአሜሪካ ከመፈቀዱ በፊት ዓለም ያወቀው ቪያግራ በሚለው ስም ስለሆነ፣ ወንዶች ማዘዣውን ይዘው ፋርማሲ መግባት ያፍራሉ፤ ይህኛውም ሚስቱን ነበር የሚልካት። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ኢኮውን ራሴ ሠራሁት። የዶፕለሩን ፍጥነት ለካሁ፣ አባዛሁ፣ ደመርኩ፦ 60። ሚስቱ ከጎኔ ቆማ ስክሪኑን እያየች ነበርና «ግፊቱ ስንት ሆነ፣ ዶክተር?» አለች። ነገርኳት። «ከ85? ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» ብላ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። እሱም ፈገግ አለ።

እኔ ግን እጄ ፕሮቡ ላይ እንዳለ ሌላውን እያየሁ ነበር። የትራይከስፒድ ቫልቭ የተያያዘበት የቀኙ ልብ ዳር፣ ልብ በመታ ቁጥር ወደ ልብ ጫፍ ወረድ ብሎ ይመለሳል። ያን ጉዞ በሚሊ ሜትር እንለካዋለን፤ በሙያው ታፕሲ ይባላል። ከ17 በታች ሲሆን ቀኙ ልብ ደክሟል እንላለን። ባለፈው 20 ነበር፤ አሁን 11 ሆነ። ቀኙ ልብ ሰፍቶ ከግራው በልጧል። ሁለቱን ልቦች የሚለያቸው ግድግዳ ወደ ግራ ተገፍቶ፣ ክብ መሆን የሚገባው ግራ ልብ በአንድ ጎኑ ተዘርግቶ የላቲኑን ዲ ፊደል መስሏል። ከሆድ የሚመጣው ትልቁ የደም ሥር ወፍሮ በትንፋሽ አልሰበሰብ ብሏል። በልብ ዙሪያ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጥቂት ውኃ አለ።

ግፊት ብቻውን የሚፈጠር ነገር አይደለም። የሚፈስሰው ደም መጠንና ቧንቧው የሚያሳየው እምቢታ ተባዝተው ነው የሚወልዱት። ቧንቧው እንደጠበበ ሆኖ ልብ የሚልከው ደም ሲቀንስ ግፊቱ ይወርዳል። የሰውዬው ግፊት የወረደው የሚገፋው ስለደከመ ነበር።

ይህን ለሚስቱ እንዴት ልንገራት? በኮሪደሩ ለብቻዋ አናገርኳት። «ኩንታል የተሸከመ ሰው ዳገት ላይ እርምጃው ቢዘገይ ኩንታሉ ቀለለ እንላለን?» አልኳት። «አንልም» አለች። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ፣ «ታዲያ ስለ ኩንታሉ ምን ያስጨንቀናል፣ ዶክተር፤ ስለ ልቡ ይንገሩኝ እንጂ። ልቡ እንዴት ነው?» አለችኝ።

በሙያዬ የተጠየቅሁት ትክክለኛ ጥያቄ ይህ ነው። በትምህርት ቤት ብዙ ዓመት፣ በሥራ ላይም ብዙ ዓመት የቆየሁበትን ነገር አንዲት የልብ ሥዕል ማንበብ የማታውቅ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቁጭ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስል ሳነብ የሚመራኝ የሷ ጥያቄ ሆነ።

ጥያቄው በሕክምናው ዓለምም ዘግይቶ የመጣ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ሳነብ ነው። ለረጅም ጊዜ ቀኝ ልብ ከቁም ነገር አልተቆጠረም። በ1943 እ.ኤ.አ. አይዛክ ስታር የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የውሾችን የቀኝ ልብ ግድግዳ በጋለ ብረት አቃጥለው በደም ሥር ግፊት ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላገኙም። በ1971 ደግሞ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፍራንሷ ፎንታን የቀኙን ልብ አልፎ ደምን በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚወስድ ቀዶ ሕክምና አሳተሙ፤ በዚህ ዘዴ ዛሬም ብዙ ልጆች ይኖራሉ። ከሁለቱ «ቀኝ ልብ ባይኖርም ይቻላል» የሚል ስሜት ተወለደ። ያልተባለው ነገር፣ የሚቻለው የሳንባ ቧንቧ ልል እስከሆነ ድረስ መሆኑ ነው። ቧንቧው የጠበበበት ሰው ዕድሜው የሚወሰነው በዚያ በተናቀው ስስ ጡንቻ ነው።

ኢኮ ይህን ጡንቻ ለማየት አንዳንዴ ይቸገራል። ግራው ልብ ቅርጹ የታወቀ ስለሆነ ከሁለት አቅጣጫ ታይቶ መጠኑ ይሰላል። ቀኙ ግን በግራው ላይ ተጠምጥሞ የተቀመጠ፣ ከአንድ ጎን ሦስት ማዕዘን፣ ከሌላው ጎን የጨረቃ ቅርጽ ያለው፣ ከደረት አጥንት ሥር የተደበቀ ነው። ለዚህ ልካችን ኤም.አር.አይ. ነው። ለሥልጠና ወደ ውጭ በሄድኩበት ጊዜ ሥራዬ የነበረው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የቀኙን ልብ ጠርዝ በማውስ መክበብ ነበር። ማሽኑ ልብን ከላይ እስከ ታች ቆራርጦ ያሳያል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንዴ ልብ ሲሞላ፣ አንዴ ሲጨማደድ መስመር ይሠመራል። ከዚያ ስፋቱ ተደምሮ ልብ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝና ስንቱን እንደሚልክ ይታወቃል። የቀኙ ልብ ውስጠኛ ግድግዳ ለስላሳ አይደለም፤ የጡንቻ ገመዶች ይተራመሱበታል። ከላይ ያለው ቁራጭ ላይ ደግሞ የታየው ክፍተት የታችኛው ልብ ይሁን የላይኛው ለመለየት ምስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው። ዐይኔን ወደ ቀኝ ልብ ያስለመደው ግን ያ አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንድን ነገር በእጅህ እየከበብክ ስትውል ትንሿ ለውጥ አታመልጥህም።

በዚያው ጊዜ ያነበብኩት አንድ ጥናት የሚስቲቱን ጥያቄ በቁጥር መልሶታል። በአምስተርዳም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። የሳንባ ደም ቧንቧ ግፊት ያለባቸውን 110 ሰዎች ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት፣ አብዛኞቹን ደግሞ ከጀመሩ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና፣ በካቴተርም በኤም.አር.አይ.ም አዩአቸው። በመድኃኒቱ የቧንቧው እምቢታ ከቀነሰላቸው መካከል ሩብ ያህሉ ላይ ቀኙ ልብ ይልቁን ደክሞ ተገኘ። ዕድሜያቸውንም የተነበየው የልቡ ለውጥ እንጂ የቧንቧው መሻሻል አልነበረም። ይህን ሳነብ ያ ሰውዬ፣ ፈገግታውና የሚስቱ «ተመስገን» ፊቴ ድቅን አሉ።

ቁጥር መውደዴን ተውኩ አልልም። አሁን የምወዳቸው ቁጥሮች ሌሎች ሆኑ እንጂ። ለምሳሌ የታፕሲውን ሚሊ ሜትር ለግፊቱ ማካፈል አለ፤ ልብ ከተጫነበት አንጻር ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል። ሰውዬው መጀመሪያ ሲመጣ 20 ለ85 ሲካፈል 0.24 ያህል ነበር። ግፊቱ «ሲሻለው» 11 ለ60፣ ማለትም 0.18 ሆነ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ ከ0.19 በታች የሆነውን ከከፍተኛ አደጋ ምልክቶች ይመድበዋል። ያቺ ቀን ሁለት ቁጥሮች ወርደው አንዱ ደስታ፣ ሌላው ሐዘን ይዞ መጣ፤ አካፍሎ ያየ ብቻ የትኛው እንዳመዘነ ያውቃል።

ግፊቱ ራሱም ቢሆን ወሰኑ የማይነቃነቅ አይደለም። አሚኖሬክስ የተባለ የክብደት መቀነሻ እንክብል በ1960ዎቹ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በጀርመን የብዙ ሰዎችን የሳንባ ቧንቧ ካበላሸ በኋላ በ1973 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡ ሐኪሞች አማካዩ ግፊት በዕረፍት ጊዜ ከ25 በላይ ከሆነ ሕመም ነው ብለው ወሰኑ። በ2018 ኒስ ላይ የተሰበሰቡት ወደ 20 አወረዱት። ይህ አማካይ ግፊት በካቴተር የሚለካ ነው፤ በኢኮ የምናገኘው ግምት ነው። ካቴተር የግፊቱ መነሻ ከግራ ልብ ይሁን ከሳንባ ቧንቧ ይለያል፤ በአገራችን ግን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ካቴተር በሌለበት ቦታ ምስሉን በሙሉ ማንበብ ቅንጦት አይደለም፤ የሚቀረን እሱ ነው።

እዚሁ አገራችን የተሠራ አንድ ሥራም ይህንኑ አስተምሮኛል። ትንፋሽ ሲያጥር «ከፍታው ነው» ማለት ልማዳችን ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት፣ ብራያን ሆይት የተባሉት የልብ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ልብ በኢኮ አይተው 1,200 ሜትር ላይ ከሚኖሩት ጋር አስተያዩ። የደገኞቹ የሳንባ ግፊት ከቆለኞቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። የቧንቧቸው እምቢታ ግን አልጨመረም፤ ወደ ሳንባቸው የሚፈስሰው ደም ነበር የበዛው። የሰውዬው ግፊት ደሙ ሲያንስ ወረደ፤ የደገኞቹ ደግሞ ደሙ ሲበዛ ወጣ። ወረቀቱ ላይ የምናያት መስመር የሁለቱንም ታሪክ አትነግረንም።

ከሁሉ የሚያበረታኝ ቀኝ ልብ ሸክሙ ሲነሣለት መመለስ መቻሉ ነው። በእኛ አገር የዚህ ግፊት ትልቁ ምንጭ ብዙ ጊዜ ግራው ልብ ነው። በካሜሩን፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ ተሰብስቦ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ መረጃም ከአዋቂዎቹ ታካሚዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የግራ ልብ ሕመም ያለባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭ የሚያጠብበው ሩማቲክ የልብ ሕመም አለ። ሚትራል ቫልቭዋ የጠበበ አንዲት ተማሪ ነበረች። ቫልቩ በፊኛ ከተከፈተላት በኋላ ሳያት ያ ወደ ግራ ተገፍቶ የነበረው ግድግዳ ወደ ቦታው እየተመለሰ፣ የቀኙ ልብ ስፋት እየቀነሰ ነበር። በረጋ ደም የተዘጋ የሳንባ ቧንቧ በቀዶ ሕክምና በሚጸዳላቸው ወይም ሳንባ በሚተከልላቸው ሰዎችም ላይ እንዲሁ ይሆናል። ልጅቷ ግፊቱን ስትጠይቀኝ መጀመሪያ ምስሉን አዙሬ አሳየኋት፤ የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን። ቁጥሩን ኋላ ነገርኳት፤ ብዙም ግድ አልሰጣትም።

ሰውዬውስ? መድኃኒት ተጨመረለት፣ የሚያሸናው ተስተካከለለት፣ ጥቂት ጊዜ እፎይ አለ። ከዚያ በላይ ግን አልቆየም። ሚስቱ ከለቅሶው በኋላ የሕክምና ወረቀት ፈልጋ ስትመጣ የነገረችኝን ልጥቀስ። ያን ቀን ከኮሪደሩ ንግግራችን በኋላ ለባሏ ሳትደብቅ ነገረችው፤ የቤቱን ካርታ አስተካከሉ፣ ከሪያድ ወንድሙን አስጠሩ፣ የተጣላውን አጎቱን ታረቀ። «ቁጥሩን ብቻ ሰምቼ ብሄድ ድግስ ነበር የምደግስ» አለችኝ። ልቡ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ዕድሜ አልጨመረለትም፤ የቀረውን ዕድሜ ግን የራሱ አደረገለት። ሐኪም ከምስል የሚፈልገው መድኃኒት የሚያዝበትን ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የኢኮ ወረቀቴ አጻጻፍ ተለወጠ። መጀመሪያ ቀኙ ልብ ይጻፋል፦ ስፋቱ፣ ውፍረቱ፣ አጨማደዱ፣ ግድግዳው ወዴት እንዳዘነበለ፣ በዙሪያው ውኃ ካለ። ግፊቱ ከሥር ይመጣል፤ ከጎኑም ከባለፈው ጋር ሲተያይ ምን ማለት እንደሆነ አንድ መስመር በአማርኛ እጨምራለሁ። ሬዚደንቶች ምስል ሊያስነብቡኝ ሲመጡ ቁጥሯን በእጃቸው እንዲሸፍኑ አደርጋለሁ። «ልቡን ግለጽልኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ሥራው ይዘገይባቸዋልና። ሲለምዱት ግን ቁጥሯን ሳያዩ ቀርበው የሚነግሩኝ ከቁጥሯ የሚበልጥ ይሆናል። ከታካሚ ጋር የሚሆነው ወሬ ደግሞ ረዝሟል። ድሮ ወረቀት ሰጥቼ የምሸኝበት ጊዜ ዛሬ ወንበር ስቤ የምቀመጥበት ሆኗል። አሁንም ይከብደኛል፤ አልዋሽም። ቢሆንም ከባዱን ወሬ ለቁጥር አልሰጠውም።

ለእናንተም ይህን እላለሁ። የለመዳችሁት ዳገት ያለ ምክንያት ካስቆማችሁ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ስትቸኩሉ ራስ ካዞራችሁ ከፍታን ወይም ዕድሜን ብቻ አትክሰሱ፤ ኢኮ ታዩ። ከዚህ በፊት በልጅነቱ «ልቡ ላይ ድምፅ አለ» የተባለ፣ ሳንባው ላይ ደም ረግቶበት የነበረ ወይም የቫልቭ ሕመም እንዳለበት ተነግሮት ክትትል ያቋረጠ ሰው ቤታችሁ ካለ ይዛችሁት ሂዱ። ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ግፊቱን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ከዚያ ግን ከወንበሩ አትነሡ። «ቀኙ ልቤ እንዴት ነው? ካለፈው ጊዜ ጋር ሲተያይስ?» በሉ። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልጦ ምስሉን ደግሞ ማየት ከጀመረ፣ የመጣችሁበትን ማግኘት ጀምራችኋል።